ነፋሱን የደበቀው ሰው

ያለፈውን ላላነበባችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስይዛችሁ። እኔ እታፈራሁ ነኝ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ እዚህ መቐለ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። እስከዳር የደሴ ልጅ ናት። ሓድነት የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን፣ ቢሯችንም አንድ ነው። ሦስተኛው ጠረጴዛ የኣንዶም ነው፤ እዚሁ መቐለ አጠገብ የቁሓ ልጅ። ሁለቱ ይዋደዳሉ። መዋደዳቸውን ከእነሱ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ተደፍቶ ስለ ዓሣ ሞት እያወራ ፈገግ ፈገግ ካለ ሌላ ምን ይባላል?

ሥራቸው ባሕር ነው። አዎ፣ ባሕር፣ መቐለ ላይ! እኛ ቧንቧ ደርቆብን ጀሪካን ይዘን ቦቴ ስንጠብቅ፣ እነሱ የባልቲክ ባሕር ታችኛው ውሃ ኦክስጅን አነሰው ብለው ይጨነቃሉ። አማካሪያቸው ዶክተር ኣባዲ ከአንድ የስዊድን ተቋም ጋር ያመጣው ሥራ ነው። ሁለቱም ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ግቢው ውስጥ "መርከበኞቹ" ይሏቸዋል።

ነገሩ ሲገባችሁ ከባድ አይደለም። ገበሬ ማሳው ላይ የበተነው ማዳበሪያ በዝናብ ታጥቦ በወንዝ አድርጎ ባሕር ይገባል። እዚያ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር እሱን ጠግቦ ይረባል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲበሰብስ የታችኛውን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሰዋል። የቻለ ዓሣ ይሸሻል፣ ያልቻለው ይሞታል። አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ሙቀት ሲሆን ላይኛው ውሃ እንደ ድስት ክዳን ይከደናል፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ባሕሩን ያማስለውና ኦክስጅን ወደ ታች ይወርዳል። ታዲያ ጥፋቱ የማዳበሪያው ነው ወይስ የአየሩ? ይህን ለመለየት ኮምፒውተር ውስጥ የሠሩትን ባሕር ደጋግመው ያስኬዱታል። አንዴ አየሩን እንዳለ ትተው ማዳበሪያውን ይቀንሳሉ፣ አንዴ ማዳበሪያውን ይዘው አየሩን ይቀያይራሉ። ማዳበሪያው የእስከዳር ሥራ ነው፣ አየሩ የኣንዶም። ዶክትሬቱ ግን የእሷ ነው፤ እሱ የፕሮጀክቱ ረዳት ነው።

በዚህ መሐል ስዊድኖቹ ወደዷት። ዲግሪዋን ይዛ መስከረም ላይ እንድትመጣ ሥራ ሰጧት። ባሕሩ ዳር፣ መስኮት ያለው ቢሮ! እኔ በደስታ እልል አልኩ። ኣንዶም "እንኳን ደስ አለሽ" አላትና መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። ዓይኑን አየሁት። ያ ዓይን ደስ ያለው ሰው ዓይን አልነበረም።

በሌላ በኩል እናቱ አሉ፣ ወይዘሮ ለተገብርኤል። ታናሹን ልጃቸውን ኣረፋይነን ጦርነቱ ወስዶባቸዋል። ከአማራ ወገን ምራት ቤቴ አትገባም ብለው ምለው ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? እስከዳር ቁሓ ድረስ ትሄዳለች፣ በር ታንኳኳለች፣ አይከፍቱላትም፣ ትመለሳለች። በኋላ የኣረፋይነ ተዝካር ዕለት ነጠላዋን አገልድማ በጓሮ ገባችና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ዋለች። ማን ነሽ ያላት የለም። ሰው ሁሉ ሲበተን ወይዘሮ ለተገብርኤል "ይህች የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ። የደሴዋ ናት አሏቸው። ቀና ብለው አዩዋትና "አንቺስ የሞተብሽ ሰው አለ?" አሏት። "አጎቴ፤ ያሳደገኝ" አለቻቸው። ከዚያ ተያይዘው አለቀሱ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ለኣንዶም "የሚመጣው እሑድ ይዘሃት ና፣ ቤተ ዘመድ ይያት" አሉት። እሑድ ማለት እኮ በቃ፣ ተፈቀደ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት እስከዳር ከቢሮ ለስዊድኖቹ ስልክ ደወለች። በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና፣ ሥራውን እንደማትቀበል ነገረቻቸው። ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"አብደሻል እንዴ!"

"ይልቅ እንኳን ደስ አለሽ በይኝ" አለችኝ። ፊቷ ያበራል። "እዚሁ እቀጠራለሁ። ዲግሪው ካለቀ ዶክተር ኣባዲ ቦታ አለ ብሎኛል።"

"ወንድ ብለሽ ባሕር ትተዪ?"

"ባሕሩ የትም አይሄድም፣ እታፌ። እሱን አንዴ ጥዬው ሄጃለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በመስኮት ሲያየኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፣ መንገዱ ተዘጋ። መሞት አለመሞቱን ሳላውቅ የኖርኩትን ኑሮ ሁለተኛ አልኖረውም። ለእሱ እንዳትነግሪው! ነገ ሴሚናሩ ሲያልቅ እኔው እነግረዋለሁ። ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።"

ምን እላለሁ? አቀፍኳት።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። ይህ ሴሚናር ካለፈ የዲግሪዋ የመጨረሻ ፈተና ለወጉ ያህል ነው። እስከዳር አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ ቆመች፣ ቀስ ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ሞቅ አላት። እንዴት ያምር ነበር! የሠላሳ ዓመት ባሕር በግድግዳው ላይ ሲመጣ፣ ታችኛው ውሃ በየበጋው ሲጠቁር፣ ማዳበሪያው ሲቀነስ ደግሞ ሲነጣ አሳየችን። "የአየሩ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ ማዳበሪያው ነው" ብላ ዘጋች። ጠረጴዛ ተደበደበ። ወደ ኣንዶም አየች፤ ያቺ አስተያየት የቀረውን ዕድሜዋን ሁሉ ለእሱ የምትሰጥ ነበረች።

ዶክተር ኣባዲ "ጥያቄ?" አለ።

ኣንዶም እጁን አወጣ። ሊያመሰግናት መስሎኝ ፈገግ አልኩ፣ ጅሏ!

"ነፋሱ ላይ የማርመው ነገር አለ" አለ። ድምፁ ደርቋል። "ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስንጀምር ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የየሰዓቱን ነፋስ ማውረድ አልቻልኩም። ለጊዜው ብዬ የወር አማካዩን አስገባሁ። ከዚያ አልተቀየረም።"

የሙያው ሰው ላልሆናችሁ ልንገራችሁ። አንድ ወር ሙሉ ጸጥ ብሎ ሁለት ቀን ወጀብ ቢነሳ፣ ባሕሩን የሚያማስለው ያ የሁለት ቀን ወጀብ ነው። ለወሩ ስታካፍሉት ግን ወጀቡ የለም፤ ወሩን ሁሉ ለስላሳ ነፋስ ብቻ ይሆናል። የእስከዳር ባሕር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጀብ አልነካውም ማለት ነው። ነፋስ ያጣው ባሕር ታፍኖ ታፍኖ፣ ጥፋቱ ሁሉ ማዳበሪያው ላይ ተላከከ።

"ትክክለኛውን አስኬጄ አይቼዋለሁ" አለና ፍላሽ ሰካ። ስዕሉ ግድግዳው ላይ ወጣ። የአየሩ ድርሻ ትንሽ አልነበረም፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እስከዳርን አየኋት። ስዕሉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው፣ ሠላሳውንም ዓመት። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲወርድ አየሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዶክተር ኣባዲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "መቼ ነው ያወቅከው?"

"በዚህ ሳምንት፣ ዶክተር።"

"ሥራው እንዲህ ሆኖ አያልፍም። ሁሉም እንደገና ይሄዳል፣ ምዕራፎቹም እንደገና ይጻፋሉ። ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍ።" ከዚያ ወደ ኣንዶም ዞሮ ለሕዝቡ እንዲሰማ አድርጎ "ስሕተትን በአደባባይ ማመን ቀላል አይደለም። ሓቀኛ ሰው ነህ፣ ዝሓወይ" አለው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። አጨበጨቡለት! እሷ መድረኩ ላይ ቆማ እያለች ለእሱ አጨበጨቡለት። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ።

ቢሮ ስንገባ እስከዳር በሩን ዘጋች። እኔ ልወጣ ስል "ትቀመጥ" አለች። ለእሱ እንጂ ለእኔ አላለችውም። እኔም ተቀመጥኩ፤ የትም አልሄድም ነበር።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለችው።

"ነገርኩ እኮ። በዚህ ሳምንት…"

"ኣንዶም። ያንን ማሽን በእጄ ነው የማስነሳው። መብራት በሄደ ቁጥር የቆመበትን ፈልጌ የምቀጥለው እኔ ነኝ። የየሰዓቱን ነፋስ ይዞ ሠላሳ ዓመት ለመጨረስ ከወር በላይ ይፈልጋል። የት ተደብቀህ እንዳስኬድከው አላውቅም፣ ያሳየኸኝ ግን ሠላሳውንም ነው። በሳምንት ያለቀ እንዳትለኝ።"

ወንበሩን ይዞ ቆመ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለካ አዳራሹ ውስጥ ደሟ የወረደው ይህን አይታ ነበር! ሥራዋ ሲፈርስ አይደለም የደነገጠችው።

"ከፋሲካ በኋላ" አለ በመጨረሻ።

"ከፋሲካ በኋላ። ዳግማይ ትንሣኤ ቤታችን በላህ። ምዕራፍ አራትን ጨረስኩ ብዬ ስዘል አንስተህ አሽከርክረኸኛል። ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?"

"እወ።"

"እናትህ ዘንድ ስሄድ? በር ላይ ቆሜ ስመለስ? ስትሸኘኝ?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን?"

"እንዳትሄጂ!" ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "በጃኺ፣ እባክሽ እስከዳር፣ ስሚኝ። አንዴ ሄደሻል። በዚያ ጊዜ ያሳለፍኩትን አንቺ አታውቂውም። ወንድሜን ቀበርኩ። አንቺ ትኖሪ አትኖሪ አላውቅም ነበር። መስከረም ሲሉኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቀድሜ ብነግርሽ አንቺን አውቅሻለሁ፣ ቀን ከሌት ሠርተሽ ታስተካክይው ነበር፣ ትደርሺበት ነበር። ዛሬ ከሆነ ግን አይደርስም። አንድ ዓመት ብቻ ነው ያልኩት! አንድ ዓመት ከእኔ ጋር። ፍቅር ነው ያደረገኝ።"

"ፍቅር" አለች። ቃሉን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

"ፍቅር ነው! ሌላ ምን አለኝ?"

"እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያለሁ ባሕር ነኝ፣ ኣንዶም? ነፋሴን ደብቀህ እንዴት እንደምሆን የምታየኝ? ካላማርኩህ ቀይረህ የምታስኬደኝ? አንድ ጊዜ ነው የምኖረው እኮ። እነዚህን ወራት መልሼ አልኖራቸውም። ስትስመኝ የነበረውን ሁሉ አሁን እንደገና ማሰብ ሊኖርብኝ ነው፤ የቱ እውነት ነበር፣ የቱ እያወቅክ ነበር እያልኩ።"

"ሁሉም እውነት ነው። ሓቀይ እየ፣ እውነቴን ነው።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የምትለውን አውቄዋለሁ፣ እንዳትለውም ልቤ ለመነ።

"ሐሙስ ዕለት ስዊድኖቹ ጋ ደወልኩ" አለችው። "አልመጣም ብያቸዋለሁ። ከአንተ ጋር እዚሁ ልኖር ነበር። ዛሬ ልነግርህ ነበር።"

አሁን የምነግራችሁን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ኣንዶም ደስ አለው! ፊቱ ፈካ፤ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ዓይኑ በራ፣ ልክ ስትመኘው እንደነበረው ዓይነት ደስታ። አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣ። እጁን ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባው፤ እጁ አየር ላይ ቀረ፣ ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። ግን ረፍዷል። እሷ አይታዋለች። ሥራዋ ፈርሶ፣ ስዊድን ቀርቶ፣ እዚህም የተባለው ቅጥር ከዲግሪው ጋር ዓመት ተገፍቶ፣ ምንም ሳይተርፋት መቆሟን እያየ መጀመሪያ የመጣለት ደስታ ነበር።

"ፊትህን ማየት ፈልጌ ነበር" አለችው። "አየሁት።"

"እስከዳር፣ እኔ…"

"ውጣ።"

"ይቅር በይኝ። መሬት እስማለሁ። እሑድ እናቴ…"

"ውጣልኝ አልኩህ!"

ወጣ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፣ ስክሪኑን አበራች፣ የነፋሱን ፋይል ከፈተች፣ ታየው ጀመር። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። ልቅሶ እንኳን ቢመጣላት ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሓድነት ውሃ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ በባልዲ ሆነ። እኛም ግቢ ውስጥ ልብስ ዘፈዘፍን። እስከዳር ከጠዋት ጀምራ ታጥባለች፣ ንጹሑንም ታጥባለች፣ ዝም ብያታለሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። እጇ አረፋ ስለሆነ እኔ አንስቼ ድምፁን ከፍ አደረግኩላትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት።

"ጓለይ!" ወይዘሮ ለተገብርኤል ናቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከመይ ውዒልኪ? ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ አደይ፣ እናቴ። እንዴት ዋሉ?"

"ደኅና አይደለሁም። ይሄ ልጅ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። አጠገቤ ተቀምጧል፣ ግድግዳ ያያል። ተጣላችሁ? ይሁን፣ ሰው ይጣላል። ነገ ትመጫለሽ፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ። ዙርያ ቀሚስሽንም ሰፊዋ ዛሬ አምጥታልኛለች፣ ጥለቱ ያምራል ጓለይ፣ ስታይው ደስ ይልሻል። የመንደሩ ሴቶች ምግቡን እየሠሩልኝ ነው። ጠላቴም የነበረ ጎረቤት ጠርቻለሁ።"

እስከዳር እጇን ከውሃው አወጣች። "ነገ አልመጣም፣ አደይ።"

"አመመሽ?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

አረፋው ከክንዷ ላይ ይወርዳል።

"እስከዳር፣ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። የአማራ ልጅ አመጣች ብለው ሲያሙኝ አፋቸውን ዘግቻለሁ። በልጄ በኣረፋይነ ፎቶ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ነው አንቺን እሺ ያልኩት። ምን ሆነሽ ነው? ንገሪኝ። ልጄ በድሎሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እኔ እናቱ እፈርድልሻለሁ።"

ንገሪያቸው! አልኳት በዓይኔ። እሳቸው መልስ ሲያጡ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አደረጉት መሰለኝ፣ ድምፃቸው ሌላ ዘንድ ሲዞር ሰማን።

"ኣንዶም! እንታይ ጌርካያ?"

ምን አደረግካት ማለታቸው ነው። እስከዳር ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እንዴት እንደ ጠበቀች ባያችኋት! ትናንት ውጣ ያለችው ሴት፣ አንድ ቃል ለመስማት እርጥብ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እውነቱን ቢናገር፣ እናቱ ፊት አንዴ ቢናገር፣ እኔ እምላለሁ ይቅር ትለው ነበር።

"ዋላ ሓንቲ" አለ ኣንዶም። "ዋላ ሓንቲ ኣይገበርኩን፣ ኣደ።"

ምንም። ምንም አላደረግኩም።

"ሰማሽ?" ወይዘሮ ለተገብርኤል ተመለሱ፤ ድምፃቸው ሌላ ሰው ሆኗል። "ልጄ ምንም አላደረገሽም። ናቅሽን። ስዊድን አገር ተጠራሁ ብለሽ የቁሓ ቤት አነሰሽ። እኔ ቂሏ፣ ተዝካር ላይ ሳህን ስላጠብሽ አመንኩሽ! አንዱን ልጄን ወገኖችሽ በሉብኝ፣ የቀረኝን አንቺ ልትገድይው መጣሽ። እንደ እኔ ያድርግሽ። ወልደሽ ቅበሪ!"

ስልኩን ልነጥቅ ዘለልኩ። የምናገረውን አውቃለሁ፣ ከፋሲካ ጀምሮ አንድ በአንድ እዘረግፍላቸዋለሁ! እስከዳር የእጄን አንጓ ያዘችኝ። እንዲያ ያለ ጉልበት አላት ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አጥንቴን ጨመቀችው።

"ልክ ነዎት አደይ" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ምንም አላደረገኝም።"

ስልኩ ተዘጋ።

"አንቺ ምን ነካሽ!" ጮኽኩባት። ጎረቤት ሁሉ ዞሮ አየን። "ለምን? ለምንድን ነው የምትሸከሚለት? ረገሙሽ እኮ! ወልደሽ ቅበሪ አሉሽ!"

"የቀራቸው እሱ ብቻ ነው፣ እታፌ" አለችኝ። "እሱንም ከወሰድኩባቸው በምን ይኖራሉ?"

ተመልሳ ተቀመጠች፣ ልብሱን ከውሃው አወጣች፣ ጨመቀች። እንደ ትናንቱ ዓይኗ ደረቅ ነው። እኔ ቆሜ በንዴት አለቅሳለሁ፣ እሷ ታጥባለች።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ አንዴ ጮኸ። መልእክት ነው፣ ከኣንዶም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሳችው። እኔም በትከሻዋ ላይ አነበብኩት። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። እናቴን ዛሬውኑ እነግራታለሁ የሚልም የለበትም።

"አመሰግናለሁ" ይላል።

እስከዳር ያኔ ነው ያለቀሰችው።